ገመድ አልባ መሣሪያ የሚገዛ ባትሪውን ይመዝን

በምዕራብ ጎጃም የአናጢው ወቅት የሚጀምረው የገበሬው ወቅት ሲያልቅ ነው። በቆሎው ጎተራ ገብቶ፣ በርበሬው ተሽጦ፣ ገንዘብ ወደ ቤት ሲገባ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ የሚለውጥ፣ ለልጁ ጎጆ የሚያወጣ፣ በርና መስኮት የሚያስገጥም፣ አልጋና ብፌ የሚያዝ ይበዛል። ክረምቱ እስኪመለስ ድረስ ባሉት ወራት ከፍኖተ ሰላም፣ ከማንኩሳና ከቡሬ የሚነሱ አናጢዎች ዕቃቸውን አንግተው በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማና በቋሪት ቀበሌዎች ሲወጡና ሲወርዱ ይሰነብታሉ።

ቀደም ባለው ጊዜ በአናጢው ትከሻ ላይ የሚታየው መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና መዶሻ ነበር። አሁን በዚያ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሻንጣ ተጨምሯል። በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ድሪል፣ ቻርጀር፣ ጥቂት ፑንታዎች እንዲሁም አንድ ወይም ሁለት ባትሪ ይገኛል።

ሻንጣው ትንሽ ቢሆንም ለባለቤቱ የአንድ ወቅት ትርፍ ሊሆን ይችላል። በምርጫው የተሳሳተ አናጢ ኪሳራውን የሚያየው በገዛበት ቀን አይደለም። ኪሳራው የሚመጣው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ባትሪው ደክሞ ምትኩ ከፍኖተ ሰላም እስከ መርካቶ ተፈልጎ ሲጠፋ ነው። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ እንደሆነ መሣሪያው ሥራ ያቆማል፤ ነገሩም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ነጋዴውም በበኩሉ አንድ ጊዜ አትርፎ ደንበኛውን ለዘለዓለም ያጣል።

በመሆኑም ስለ ገመድ አልባ መሣሪያ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ተጠቃሎ ወደ አንድ ነጥብ ይመጣል። ገዢው ገንዘቡን የሚያፈስሰው በባትሪው ላይ ነው፤ ድሪሉ ባትሪውን ተከትሎ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ገበያው ለምን ፈለገው?

የመሣሪያው ተፈላጊነት በአካባቢው የኑሮ ሁኔታ ይብራራል። ከከተማ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች የኤሌክትሪክ መስመር ያልገባለት ቤት ብዙ ነው። መስመር በገባበትም ቦታ ቢሆን መብራት መጥፋቱ ለአናጢው እንግዳ ነገር አይደለም። ባለ ገመድ መሣሪያ የያዘ ሰው መብራት በሌለበት ሁሉ ጀነሬተር ማስከተል ይኖርበታል፤ ጀነሬተር ደግሞ ነዳጅ፣ ጫኝና ጠባቂ ይፈልጋል። በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ግን ማታ በከተማ የሞላውን ኃይል ቀን በገጠር ይሠራበታል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ለሚመታ ሰውም ከእግሩ ሥር የሚጎተት ገመድ አለመኖሩ ራሱን የቻለ ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ዓይነት መለወጡ ነው። በከተሞቹ ቀጥ ያለ ሚስማር ይበቃው የነበረው ሥራ ዛሬ በብዛት ቪቲ የሚጠይቅ ሆኗል። ቁም ሣጥንና የማዕድ ቤት መደርደሪያ በኤምዲኤፍና በቺፑድ ሲሠራ ሚስማር አይይዝም፤ ማጠፊያውም እጀታውም የሚታሰረው በቪቲ ነው። በቡሬ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተማዋን ከእህልና ከበርበሬ ገበያነት አሻግረው የፋብሪካ ከተማ አድርገዋታል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗም የሱቅ፣ የቢሮና የኪራይ ቤት ሥራ ለአናጢው የገቢ ምንጭ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ንብ ነው። ጎጃም የማር አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዛንደር በመባል የሚታወቀው ዘመናዊ ቀፎ ደግሞ የአናጢ ሥራ ነው። በፍሬሞቹና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል የሚተወው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፤ ከዚህ ከሰፋ ንቦቹ ትርፍ እንጀራ ይሠሩበታል፣ ከጠበበ ደግሞ በሙጫ ይደፍኑታል። እንዲህ ዓይነቱ ልኬት በመዶሻ ተመትቶ በሚላቀቅ ሣጥን አይጠበቅም። ፑንታ አስቀድሞ ገብቶለት በቪቲ የታሰረ ሣጥን ግን ልኩን ይዞ ይቆያል።

መሣሪያው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በባትሪ የሚሠራ ድሪል አዲስ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። የጃፓኑ ማኪታ እ.ኤ.አ. በ1978 የራሱን ባለ 7.2 ቮልት ድሪል ይዞ ቀረበ። የእነዚህ መሣሪያዎች ባትሪ ኒኬል ካድሚየም የሚባለው ከባድ ዓይነት ሲሆን፣ ሳይሠራበት ቢቀመጥም ቀስ በቀስ ባዶ የሚሆን ነበር። በዚህም ምክንያት ባለሙያው ለረጅም ዘመን ገመድ አልባውን ለቀላል ሥራ ብቻ ይጠቀምበት ነበር።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ በሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ሚልዋኪ ባለ 28 ቮልቱን፣ ማኪታ ደግሞ ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን ባለ 18 ቮልት የባትሪ ቤተሰብ በዚያው ዓመት አወጡ። ባትሪው ቀለለ፣ ኃይሉ ጨመረ፣ ሲቀመጥም ያለውን ይዞ መቆየት ቻለ።

ቀጥሎ የመጣው የቻይና ኢንዱስትሪ ነው። ዛሬ በአፍሪካ ገበያ በስፋት የሚታዩት እንደ ኢንግኮና ቶታል ያሉት ምርቶች ከታወቁት የጃፓን፣ የጀርመንና የአሜሪካ ስሞች እጅግ ባነሰ ዋጋ መሣሪያውን ለትንሹ አናጢ አቀረቡ። ከእነርሱም በታች ስም የሌላቸው፣ ወይም የታወቀ ስም በፎርጅድ የለጠፉ ምርቶች አሉ። የገዢው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በሻንጣው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ማንኛውም ባትሪ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል። አንደኛው ቮልት ሲሆን የመሣሪያውን ጉልበት ያመለክታል። ሁለተኛው አምፒር-ሰዓት ሲሆን ጉልበቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይገልጻል። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ዋት-ሰዓት በባትሪው ውስጥ የተጠራቀመው ጠቅላላ ኃይል ነው። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 72 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባለ 2 አምፒር-ሰዓቱ የዚያ እኩሌታ፣ ማለትም 36 ዋት-ሰዓት ነው። ሁለት ሻንጣ ጎን ለጎን የሚያወዳድር ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ቁጥር ይኸው ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የ18ና የ20 ቮልት ጉዳይ ነው። በዚህ መጠን ያለ ባትሪ በውስጡ በተከታታይ የተያያዙ አምስት ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል በሥራ ላይ በአማካይ 3.6 ቮልት ሲሰጥ ድምሩ 18 ይሆናል። ገና ከቻርጀር ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ወደ 4 ቮልት ስለሚጠጋ ድምሩ 20 ይሆናል። ስለዚህ አንዱ አምራች 18፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ብሎ የሚጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ባትሪ ነው። ሁለት ቮልት ይበልጣል ተብሎ ዋጋ ሊጨመርበት አይገባም።

ከዚህ የከፋው 48፣ 88፣ አልፎም 128 የሚል ቁጥር በትልቁ የሚለጠፍበት ርካሽ ሻንጣ ነው። ተከፍቶ ሲታይ ያው አምስት ሴል ወይም ከዚያ ያነሰ የያዘ ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩ የቮልት መለኪያ ሳይሆን የሞዴል መጠሪያ ነው የሚል ማምለጫም አለው።

እንዲህ ላለው ማታለያ የገበያ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ሚዛን ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሴል ክብደቱ ከ45 እስከ 48 ግራም ነው። የዚህ መጠን ሴል የመጨረሻ አቅሙ ከ3.5 አምፒር-ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ በመሣሪያ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ደግሞ በብዛት ከ1.5 እስከ 2.5 ነው። አምስት ሴል የያዘ ባትሪ ከነሽፋኑ 400 ግራም አካባቢ፣ አሥር ሴል የያዘው ደግሞ ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። እንግዲህ «6 አምፒር» ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ በቅመም ሚዛን ላይ ተቀምጦ 380 ግራም ቢያሳይ፣ የጽሑፉና የሚዛኑ ወሬ አይገጥምም ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት የመጣው ወፈር ያለው ሴል ለብቻው ወደ 70 ግራም የሚመዝንና እስከ 5 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ስለሆነ፣ በእርሱ የተሠራ ባለ አምስት ሴል ባትሪ እውነተኛ 4 ወይም 5 ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱም ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል።

የትኛው ገመድ አልባ፣ የትኛው ባለ ገመድ?

ከሻጩ አፍ የሚሰማው ሁሉንም መሣሪያ በባትሪ መግዛት እንደሚሻል ነው። የዋት-ሰዓቱ ሂሳብ ግን ሌላ ይላል።

ድሪል በአማካይ 200 ዋት ይወስዳል ቢባል፣ 72 ዋት-ሰዓት የያዘው ባትሪ ለ21 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ያሽከረክረዋል። አንድ ቀዳዳ ለመብሳት ወይም አንድ ቪቲ ለማስገባት 5 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በወረቀት ላይ 250 ያህል ጊዜ ማለት ነው። ለአንድ ቀን የበርና የመስኮት ሥራ ይህ አያንስም።

ግራይንደር ግን 700 ዋት ቢወስድ ያው ባትሪ በ6 ደቂቃ ያልቃል። ወፍራም ሞራሌ የሚሰነጥቅ ክብ መጋዝ 1,000 ዋት ቢፈልግ የሚቆየው ከ4 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የኤሌክትሪክ መላጊያም እንዲሁ ኃይል በሊታ ነው። እነዚህን በባትሪ የሚያሠራ ሰው አራትና አምስት ባትሪ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህም የመሣሪያውን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያደርገዋል።

ስለዚህ አካባቢውን የሚመጥነው ክፍፍል ግልጽ ነው። ቁረጣው፣ መላጉና ማለስለሱ በከተማው የእንጨት ሥራ ቤት፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ በባለ ገመድ መሣሪያ ያልቃል። መብሳቱ፣ ማሰሩና መግጠሙ በደንበኛው ግቢ በባትሪ ይሠራል። የዛንደር ቀፎ ሳንቃ በልኩ የሚቆረጠው በቋሚ መጋዝ ሲሆን፣ የሚገጣጠመው ግን ንብ አናቢው ደጅ ላይ በድሪል ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ጀነሬተር ተሸክሞ ይዞራል፣ ወይ ባትሪ ሲቀያይር ይውላል።

ከድሪል ቀጥሎ ሊታሰብ የሚገባው እየመታ የሚያጠብቀው የቪቲ ማሰሪያ ነው። ለቆርቆሮ ቪቲና ለረጅም ቪቲ ከድሪል ይበልጣል፤ የእጅ አንጓም አይጠመዝዝም። ሆኖም ለጥንቃቄ ሥራ፣ በተለይም ለኤምዲኤፍ፣ ጉልበቱ ከልክ ያልፍና ቪቲውን አስምጦ እንጨቱን ይፈረካክሳል። ባለ ቀለበት ድሪል ማጥበቂያው ከ1 እስከ 20 በሚጠጉ ደረጃዎች ስለሚለካ ለዚያ ሥራ እርሱ ይመረጣል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ድሪሉን ይግዛ።

እንጨቱም ምርጫውን ይወስናል። ዋንዛ ለመሣሪያ ገር ነው፤ ባለ 12 ቮልት ድሪልም ይበቃዋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ይሰነጠቃል፤ ቪቲ ከመግባቱ በፊት ቀጭን ፑንታ ሊገባለት ግድ ነው። በባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ላይ የሚውል አናጢ ከ18 ቮልት በታች ባይወርድ፣ ፑንታ የሚይዘውም አፍ 13 ሚሊ ሜትር የሚከፍት ቢሆን ይመረጣል። በቤቱ መጋረጃ ሰቅሎ፣ መደርደሪያ አያይዞ ለሚበቃው የከተማ ሰው ደግሞ ባለ 12 ቮልቱ ቀላልም ርካሽም ነው። የኮንክሪት ግድግዳ በብዛት መብሳት የሚፈልግ ግን ለዚያ ሥራ ባለ ገመዱን መዶሻ ድሪል ተከራይቶ ቢሠራ ያተርፋል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሌላም ልዩነት አለ። ካርቦን የሌለው ሞተር ያለው መሣሪያ ዋጋው ከፍ ይላል። በምትኩ ከአንድ ሙሌት የበለጠ ሥራ ያወጣል፣ አይግልም፣ ካርቦኑ አለቀ ተብሎ አይቆምም። በየቀኑ ለሚሠራበት ባለሙያ ልዩነቱ ይመለሳል፤ በወር አንድ ጊዜ ለሚያነሳው ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው። ባለ ካርቦኑ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ካርቦን መለወጥ የከተማው ጥገና ቤት የለመደው ሥራ ነው። ካርቦን የሌለው ሞተር የሚመራበት ሰሌዳ ከተቃጠለ ግን መላ የሚገኝለት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

የብሩ ሂሳብ

የኤሌክትሪኩ ዋጋ በዚህ ጉዳይ ላይ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መደረጉ ይታወቃል። ነገር ግን 72 ዋት-ሰዓት ባትሪ ለመሙላት፣ ቻርጀሩ የሚያባክነው ተጨምሮ፣ 90 ዋት-ሰዓት ያህል ቢበቃ፣ ኪሎዋት-ሰዓቱ 10 ብር ቢገባ እንኳ ወጪው 90 ሳንቲም ነው።

ወጪው ያለው በባትሪው ዕድሜ ነው። ደኅና ሊቲየም አዮን ባትሪ አቅሙ በግልጽ ከመቀነሱ በፊት ከ300 እስከ 500 ጊዜ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል። ለምሳሌ ያህል አንድ እውነተኛ ባለ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 6,000 ብር ቢሸጥና 400 ጊዜ ቢሞላ፣ አንዱ ሙሌት 15 ብር አስከፈለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ያንኑ ቁጥር የተለጠፈበት ግን በእውነት 2 አምፒር-ሰዓት ብቻ የሚይዝ ባትሪ በ3,000 ብር ቢገዛና 100 ጊዜ ሞልቶ ቢሞት፣ አንዱ ሙሌት 30 ብር ይሆናል። የሚሰጠው ሥራ ደግሞ የእኩሌታ ስለሆነ ለአንድ ዓይነት ሥራ የተከፈለው 60 ብር ነው። በግማሽ ዋጋ የተገዛው ዕቃ በመጨረሻ አራት እጥፍ አስከፈለ ማለት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ከመግዛት በፊት ይህችን አካፍሎ ማየት አይከፋም።

የምንዛሪው ጉዳይ ይህን ሂሳብ አክብዶታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዱ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ቀረጥና ታክስ ሳይታሰብ፣ 100 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ በባንክ ምንዛሪ ከ5,700 ብር ገደማ ወደ 13,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ይጨመራል። ዋጋው እንዲህ በናረ ቁጥር ገዢው ወደ ርካሹ መሳቡ የማይቀር ነው፤ በርካሹ መታለልም አብሮ ይጨምራል።

መለዋወጫው ለምን ይጠፋል?

ሻንጣው በየሱቁ እያለ ባትሪው ለብቻው የሚጠፋበት አንድ ምክንያት ትራንስፖርት ነው። ሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፍ ደንብ ከአደገኛ ጭነት ይመደባል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይጫን ተከልክሏል። በዕቃ አውሮፕላን ሲጫንም ሙሌቱ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። በሻንጣ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ትርፍ ባትሪውን በእጅ ቦርሳው ብቻ ነው የሚይዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ያለው የአየር መንገድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው ግን በፈቃድ ሆኖ ከሁለት አይበልጥም። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 90 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ባለ 6 ግን 108 ስለሚሆን ፈቃድ ይጠይቃል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክለት ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ቻርጀር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ባትሪውና ድሪሉ ግን ደኅና ናቸው። የዚያው ኩባንያ የአውሮፓ ቻርጀር ቢገኝ ያለ ችግር ይሠራል። የሚልከው ዘመድ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት በቻርጀሩ ጀርባ ላይ «220–240» የሚል መኖሩን ቢያይ ብዙ ወጪ ይድናል።

ከመርካቶ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድም የራሱ ዋጋ አለው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን በተለያዩ ጊዜያት አቋርጦታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ አዲስ አበባ ላይ የሚፈጸም የዋስትና ቃል ለቡሬ አናጢ ሩቅ ነው። ለእርሱ ዋስትና ማለት ምትክ ባትሪው እዚያው ከተማ፣ የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ማየቱ ነው።

ቤተሰብ መምረጥ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር የባትሪ ቤተሰብ መምረጥ ነው። አንድ አምራች በአንድ ዓይነት ባትሪ ድሪሉን፣ ጂግሶውን፣ ማለስለሻውንና መብራቱን የሚያሠራ ከሆነ፣ ገዢው ሁለተኛውን መሣሪያ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር በአነስተኛ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። የሦስት አምራች ሦስት ሻንጣ የገዛ ሰው ግን ሦስት ቻርጀርና እርስ በርስ የማይገናኙ ባትሪዎች ይዞ ይቀራል። የማኪታ ባለ 18 ቮልት ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ሳይለወጥ በመቆየቱ ብዙ የቻይና አምራቾች የእርሱን ቅርጽ ተከትለው መሥራታቸው ለገዢው አንድ ዕድል ነው። የተመሳሰለው ባትሪ ጥራት ከሻጭ ሻጭ ቢለያይም አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይገኛል። የተመሳሰለውን የሚገዛ ሰው ግን ሚዛኑን አይርሳ።

ባትሪ ሁለት መሆን አለበት። ጥንድ በሬ አንዱ ቢደክም እርሻው ይቆማል፤ በባትሪ ሥራም አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጀር ላይ ካልሆነ ሥራው ይቆማል። ባለ ብዙ አምፒር አንድ ከመያዝ መካከለኛ ሁለት መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ባለቤቱ ባዶ እጁን አይቀርም።

አያያዝም ዋጋ አለው። ክረምት ሲገባ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ሻንጣውም ከአልጋ ሥር ይገባል። በሰኔ ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ በመስከረም ሲወጣ ቮልቱ ከሚፈቀደው በታች ወርዶ ቻርጀሩ አልቀበልም ሊለው ይችላል። ብዙ ባትሪ የሚሞተው በሥራ ብዛት ሳይሆን በዚህ ዓይነት መረሳት ነው። ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከመሣሪያው ተነቅሎ፣ እርጥበት በሌለበት ቢቀመጥና በየሁለት ወሩ ቢታይ ዕድሜው ይረዝማል። በሥራ የጋለ ባትሪም ሳይቀዘቅዝ ቻርጀር ላይ አይቀመጥም።

ለነጋዴውና ለባለሀብቱ

በዚህ ገበያ ውስጥ ክፍተቱ የት እንዳለ ከተባለው ሁሉ ይታያል። ሻንጣውን የሚሸጥ ብዙ ነው። ባትሪውን ለብቻው፣ ቻርጀሩን ለብቻው፣ ካርቦኑንና ማብሪያ ማጥፊያውን ለብቻው ይዞ የሚቀመጥ ግን ጥቂት ነው። አሥር ዓይነት ስም በመደርደሪያ ከመደርደር ሁለት ቤተሰብ መርጦ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ሻንጣ ቢያንስ ሦስት አራት ትርፍ ባትሪ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ከአንድ ደንበኛ ደጋግሞ ያተርፋል። አንድ የቅመም ሚዛንና አንድ ቮልት መለኪያ በባንኮኒው ላይ ማስቀመጥም ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ሁለተኛው ዕድል የባትሪ ጥገና ነው። አንድ ባትሪ ሲደክም አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ከሴሎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ሴሎችን መዝኖና ለክቶ፣ ተመሳሳዮቹን አዛምዶ በነጥብ ብየዳ የሚያያይዝ ባለሙያ ያለበት ከተማ የአናጢዎቹን ገንዘብ እዚያው ያስቀራል። ሥራው ግን የተማረ እጅ ይፈልጋል። ሊቲየም ሴል በተራ ብየዳ ሲግል ወይም አጉል ሲገናኝ እሳት ይነሳል፤ አሮጌና አዲስ ሴል መቀላቀልም አደጋ ነው።

ሦስተኛው ኪራይ ነው። ወቅቱ አጭር በመሆኑ ብዙ አናጢ ለጥቂት ወራት የሚያስፈልገውን መዶሻ ድሪልና ጀነሬተር መግዛት አይጠበቅበትም። ሙሉ የእንጨት ሥራ ቤት ለማቋቋም የሚነሱ ማኅበራት በክልሉ ከሚሠራው ከዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በኪራይ ግዢ፣ ወይም ቀድሞ አብቁተ ይባል ከነበረው ከጸደይ ባንክ በብድር ሊጠይቁ ይችላሉ። ለብድር በሚቀርበው ዕቅድ ላይ ግን ባትሪ እንደ ማሽን ሳይሆን እንደ አላቂ ዕቃ መታሰብ አለበት። የድሪሉ ሞተር አምስት ዓመት ቢቆይ ባትሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መለወጡ አይቀርም። ያን ወጪ በዕቅዱ ያላስገባ ማኅበር በሁለተኛው ዓመት የብድሩን ክፍያና የባትሪውን ግዢ በአንድ ላይ ይጋፈጣል።

በመጪው ወቅት ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር የሚወጣ አናጢ ሱቅ ሲገባ ሻጩን ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ስንት ዋት-ሰዓት ነው? ስንት ግራም ይመዝናል? ይኸው ባትሪ ለብቻው ዛሬ እዚህ ሱቅ ውስጥ አለ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «የለም» ከሆነ፣ የቀረው የዋጋ ክርክር ጊዜ ማባከን ነው።